ኢንሹራንስ ገብተናል፣ ስንጎዳ ግን ማን ያስከፍልልናል?

በ2017 ክረምት ታላቅ ወንድሜ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ሰሚት አካባቢ ዝናቡ ከባድ ነበር፣ መኪናው ተንሸራቶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨ። እሱ ምንም አልሆነም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያሳልፍ ሲያድስ የኖረ ሰው ነው፣ ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) አቅርቦም አያውቅም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁላችንም "ኢንሹራንስ አለው አይደል፣ ምን ችግር አለ" ብለን ነበር። ትራፊክ መጥቶ ፕላን አነሳ፣ ሪፖርቱ ወጣ፣ ጉዳቱን የሚገምተው የኩባንያው ሰርቬየር መጥቶ ፎቶ አነሳ፣ ጋራዦች ፕሮፎርማ አስገቡ፣ ከዛ በቃ ዝም። በደወለ ቁጥር "ኮሚቴ ላይ ነው" ይሉታል። አምስት ወር ቆይተው የነገሩት ደግሞ ጭራሽ ያልጠበቀውን ነው፣ መኪናህን ያስገባኸው በድሮ ግምት ስለሆነ ከጉዳቱ የምንከፍልህ ግማሽ ያህሉን ነው አሉት።

እኔ በዛ ሰሞን ነው ይሄን ነገር በደንብ ማንበብ የጀመርኩት። አዋጁንም፣ የንግድ ህጉንም፣ የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎችንም እያገላበጥኩ ስሄድ የተረዳሁት ነገር አለ፣ የኛ አገር የኢንሹራንስ ህግ ኩባንያው እንዳይወድቅ በደንብ ይጨነቃል፣ ካፒታሉን ይቆጥራል፣ መጠባበቂያውን ይቆጥራል፣ ባለአክሲዮኑን ያጣራል። መኪናው የተሰበረበት ወይ ሱቁ የተቃጠለበት ሰው በስንት ቀን ተከፈለው፣ ለምን ተከለከለ፣ ሲከለከል የት ይሂድ የሚለው ላይ ግን በጣም ይሳሳል። ይሄ ነው ለኔ ዋናው ችግር፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

መጀመሪያ የወንድሜን ነገር ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው ላይ እየደረሰ ያለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 በላይ ገባ። መኪናም መለዋወጫም አብሮ ወጣ። እንበልና መኪናህን 1 ሚሊዮን ብር ብለህ አስገብተሃል፣ አደጋው በደረሰ ቀን ግን ገበያ ላይ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል፣ ጉዳቱ 400 ሺህ ብር ነው። አንተ 400 ሺህ ከ1 ሚሊዮን ስለሚያንስ ሙሉውን የሚከፍሉህ ይመስልሃል። አይደለም። ግማሹን ብቻ ስላስገባህ ለሌላው ግማሽ ራስህ ኢንሹራንስ እንደሆንክ ይቆጠራል፣ ስለዚህ 200 ሺህ ነው የሚደርስህ፣ ከዛ ላይ ደግሞ ኤክሰስ፣ ማለትም ከጉዳቱ ደንበኛው ራሱ የሚችለው ድርሻ፣ ይቀነሳል። የኢንሹራንስ ሰዎች አቬሬጅ ይሉታል። ህገወጥ አይደለም፣ በዓለም ሁሉ ያለ አሰራር ነው፣ አመክንዮም አለው ምክንያቱም የግማሽ መኪና ፕሪሚየም (ለኢንሹራንሱ የምትከፍለው ዋጋ) ከፍለህ የሙሉ መኪና ካሳ መውሰድ አትችልም። የኔ ጥያቄ ወንድሜ በ2017 ሊያድስ ሲሄድ፣ ብሩ ከወደቀ በኋላ፣ ያቺን አሮጌ ግምት እያዩ ዝም ብለው ያደሱለት ሰዎች የመናገር ግዴታ የለባቸውም ወይ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፣ "ግምቱን ካላስተካከልክ ግማሽ ነው የምታገኘው"። ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ላይ ተጽፏል አሉት። አዎ ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ እሱ ፈርሞ ከወሰደ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠው ወረቀት ላይ።

ይሄ የቋንቋ ነገር ሁሌ ያሳዝነኛል። ሻጩ በአማርኛ ያወራሃል፣ በኦሮምኛ ያወራሃል፣ ስልክ ይደውልልሃል፣ ቢሮህ ድረስ ይመጣል፣ ውሉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ዳኛው ፊት ስትቆም ደግሞ የሚታየው ውሉ ነው። ሪኢንሹራንሱ፣ ማለትም ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሚገቡት ኢንሹራንስ፣ ከውጭ ስለሆነ ቃላቱ ከውጮቹ ፖሊሲ ጋር መመሳሰል አለባቸው የሚል መልስ ይሰጣል፣ እሺ ይሁን፣ ግን አንድ ገጽ ማጠቃለያ በደንበኛው ቋንቋ፣ ምን እንደሚሸፈን፣ ምን እንደማይሸፈን፣ በስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለበት መጻፍ ማንን ይጎዳል?

አሁን ወደ ህጉ። የኢንሹራንስ ውል ራሱ የሚመራው በ1952ቱ የንግድ ህግ ነው። ብዙ ሰው በ2013 አዲስ የንግድ ህግ ስለወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 1243 ማለቴ ነው፣ አሮጌው ሙሉ በሙሉ የተሻረ ይመስለዋል። አልተሻረም። ስለ ኢንሹራንስ የሚያወራው ሦስተኛው መጽሐፍ እስካሁን እየሰራ ነው። ማለትም ኢንተርኔት ላይ በሞባይል ገንዘብ የምንገዛውን ፖሊሲ የሚዳኘው ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው፣ በጃንሆይ ጊዜ የተጻፈ ህግ ነው። መጥፎ ህግ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደውም አንዳንዱ ቦታ ከምናስበው በላይ ለደንበኛው ያደላል። ለምሳሌ ውሉን ስትገባ አንድ መረጃ ሳትነግራቸው ቀርተህ ቢሆን፣ ሆን ብለህ ከደበቅክ ውሉ ይፈርሳል፣ ሳታውቅ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ አይፈርስም፣ ክፍያው በተመጣጣኝ ነው የሚቀነሰው። ይሄን ልዩነት የሚያውቅ ደንበኛ ስንት ነው? "መረጃ ደብቀሃል" ሲባል አንገቱን ደፍቶ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፣ ሆን ብሎ መደበቁን ግን ማስረዳት ያለበት ኩባንያው ነው።

ከሱ በላይ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 አለ፣ ፈቃድ ማን ያገኛል፣ ማን ይቆጣጠራል፣ እንዴት ይዘጋል የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው። ይሄም የራሱ ታሪክ አለው፣ በደርግ ጊዜ የነበሩት 13 ኩባንያዎች ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፣ ከዛ በ1986 አዋጅ ቁጥር 86 ወጥቶ የግል ኩባንያ ተፈቀደ፣ አሁን ከመንግስቱ ጋር 18 ኩባንያ አለ፣ አንድ ደግሞ ሪኢንሹራንስ። ይሄ ሁሉ ኩባንያ ግን ተደምሮ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት አንጻር የሚሰበስበው ፕሪሚየም 1 ፐርሰንት አይሞላም። 120 ሚሊዮን ገደማ ህዝብ ባለበት አገር።

ብሔራዊ ባንኩ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዝቅተኛውን ካፒታል በጣም ከፍ አደረገው፣ ለጠቅላላ ኢንሹራንስ ከ60 ሚሊዮን ወደ 400 ሚሊዮን፣ ለሕይወት ከ15 ወደ 100 ሚሊዮን፣ ሁለቱንም ለሚሰራ ከ75 ወደ 500 ሚሊዮን ብር። ነባሮቹ እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። እኔ ይሄን እደግፋለሁ። ደካማ ኩባንያ ማለት ሲቃጠልብህ የማይከፍልህ ኩባንያ ማለት ነው፣ ፋብሪካ ቢቃጠል 60 ሚሊዮን ብር ዛሬ ምንም አይደለም። ግን ካፒታል ሲጨምር አክሲዮን የገዛው ሰው ትርፍ ይጠብቃል፣ ትርፍ የሚመጣው ደግሞ ወይ ብዙ በመሸጥ ነው ወይ ትንሽ በመክፈል። ገበያው ላይ ለዓመታት የዋጋ ጦርነት ነው ያለው፣ አንዱ 30 ሺህ ያለውን ሌላው 22 ሺህ ይላል፣ ኤጀንቱ ኮሚሽኑን ያገኛል፣ ደንበኛው ረከሰልኝ ብሎ ይደሰታል። ክሌይም ሲመጣ ግን ያ ርካሽ ፕሪሚየም አይበቃም። ክሌይም ክፍል የሚሰራ ጓደኛዬ "ሽያጭ ክፍሉ የገባውን ቃል እኛ ነን የምንከለክለው፣ ስድቡም ለኛ ነው" ብሎኛል፣ ከልቡ አዝኖ ነው የነገረኝ።

እውነቱን ለመናገር እነሱም ላይ የሚደርስ ነገር አለ። ያበጠ ፕሮፎርማ የሚያስገባ ጋራዥ አለ፣ የድሮ ጭረት ከአዲስ አደጋ ጋር ቀላቅሎ የሚጠይቅ ባለመኪና አለ፣ መለዋወጫ በዶላር ነው። ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላ፣ የባትሪው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ ይይዛል፣ ከስር ድንጋይ ቢመታው ይጠገናል ወይስ ቶታል ሎስ (ከጥገና ውጭ) ነው የሚለውን የሚወስን ባለሙያ በየጋራዡ የለም። ፕሪሚየሙን በምን ያስሉት? የብዙ ዓመት ዳታ የላቸውም። አክቹዋሪ የሚባለው፣ አደጋንና ፕሪሚየምን በሂሳብ የሚያሰላው ባለሙያም አገር ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ሦስተኛ ወገን ላይ፣ ማለትም መኪናህ በሌላ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄ የሁላችንም ነው፣ መኪና ላለውም ለሌለውም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፣ ስቲከሩን መስታወት ላይ ታያላችሁ። አዋጁ ጥሩ ነገር ነው ያመጣው፣ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ወይ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ያጠፋውን የሚክስ የመድን ፈንድ አለ፣ ድንገተኛ ህክምናም በየትኛውም የህክምና ተቋም፣ አዋጁ ሲወጣ እስከ 2 ሺህ ብር፣ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ግን ልኩን ተመልከቱ። በአዋጁ ለሰው ሞት ትልቁ ካሳ 40 ሺህ ብር፣ ለአካል ጉዳትም 40 ሺህ፣ ለንብረት ጉዳት ግን እስከ 100 ሺህ ብር ነበር። የሰው ነፍስ ከመኪና ኮፈን ባነሰ ዋጋ ለዓመታት ተጽፎ ኖረ። ልኩ በቅርቡ ከፍ እንዲል ተደርጓል፣ ተገቢ ነው፣ በጣም የዘገየ ግን ነው፣ በመሀል የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች በድሮው ልክ ነው የተሸኙት።

አሁን ባለመኪናው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። የኢንሹራንሱ ልክ ማለት ያንተ ኃላፊነት ልክ ማለት አይደለም። በፍትሐብሔር ህጉ አንቀጽ 2081 መሰረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ፍርድ ቤት የሟች ልጆች እስኪያድጉ ድረስ የሚያስፈልጋቸውን አስልቶ 600 ሺህ ብር ቢፈርድ፣ ኢንሹራንሱ ልኩን ከፍሎ ይወጣል፣ የቀረውን ባለመኪናው ከቤቱ ነው የሚከፍለው። በላዳና በሚኒባስ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች መኪናቸውን ሸጠው ካሳ የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪ ፕሪሚየም የሦስተኛ ወገን ልክን ማሳደግ ይቻላል፣ ብዙም ውድ አይደለም፣ ስቲከር ሲገዛ ግን "ልኩን ላሳድግልህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሁሉም ቦሎ ለማውጣት ነው የሚጣደፈው።

ሌላው ሕመም የእሳትና የሁከት ነገር ነው። ሰኔ 2012 ላይ ሻሸመኔና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ሆቴል፣ ህንጻ፣ ሱቅ፣ መኪና ሲቃጠል ብዙ ባለንብረት እሳት ኢንሹራንስ ነበረኝ ብሎ ነው የሄደው። መደበኛው የእሳት ፖሊሲ ግን ሁከትና ፖለቲካዊ ብጥብጥ ያመጣውን እሳት አይሸፍንም፣ ለሱ ለብቻው ተጨማሪ ሽፋን መግዛት ነበረበት። እሳት እሳት ነው ለተቃጠለበት ሰው፣ ለፖሊሲው ግን ማን ለኮሰው የሚለው ነው ሁሉን የሚወስነው። የዕድሜ ልክ ልፋቱ አመድ ሆኖበት በአንዲት አንቀጽ የተመለሰ ሰው ያየ ሁለተኛ ኢንሹራንስ አይገባም፣ ጎረቤቱም አይገባም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የተሰማኝ የመጀመሪያ ሀሳብ ይሄ ነበር፣ እዛ ያለው ነጋዴ ስንቱ ነው ስቶኩን በትክክለኛው ዋጋ ያስገባው? መርካቶ ውስጥ ደግሞ የህግ ችግሩ ድርብ ነው። ካሳ ለመጠየቅ የዕቃህን መጠን በደረሰኝና በሂሳብ መዝገብ ማሳየት አለብህ፣ ያለ ደረሰኝ የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ የነበረውን ዕቃ ማስረዳት አይችልም። የግብር አለመታዘዝ የኢንሹራንስ ካሳ ያሳጣል፣ ይሄን ቀድሞ የሚነግረው ሰው የለም።

ከዛ ደግሞ አዳዲስ ግዴታዎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ ነው። ገንዘብ ማጠብን የሚከለክለው ህግ ኢንሹራንሶችንም ይመለከታል፣ ደንበኛህን እወቅ፣ አጠራጣሪ ነገር ሪፖርት አድርግ ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ በ2016 ወጣ። የጤናና የሕይወት ኢንሹራንስ የሚሰራ ኩባንያ የደንበኛውን የሀኪም ማስረጃ ይዟል፣ ያ ፋይል ዛሬ የት ነው የሚቀመጠው፣ ማን ያየዋል፣ በቴሌግራም አይላላኩትም ወይ? አይኤፍአርኤስ 17 የሚባለው የሂሳብ ስታንዳርድም መጥቷል፣ የኢንሹራንስ ውልን ትርፍ በሽያጩ ቀን ሳይሆን ሽፋኑ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ እየከፋፈሉ እንዲመዘግቡ የሚያስገድድ ነው፣ ሲስተም ይፈልጋል፣ አክቹዋሪ ይፈልጋል፣ ትንንሾቹን ኩባንያዎች በጣም ያስጨንቃል። አንድ የኮምፕላያንስ (ህግና መመሪያ መከበሩን የሚከታተል) ሰራተኛ ይሄን ሁሉ ሪፖርት ሲሞላ ይውላል።

ለደንበኛው ምንም የለም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ብሔራዊ ባንኩ በ2012 መጨረሻ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፣ ግልጽ መረጃ ስጡ፣ ቅሬታ የሚቀበል ክፍል ይኑራችሁ ይላል፣ ባንኮችንም ኢንሹራንሶችንም ይይዛል። ችግሩ ሰው አያውቀውም። ወንድሜ አያውቀውም ነበር፣ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለችው ልጅም ስትጠየቅ ግራ ነው የገባት። እንደ ካፒታሉ መመሪያ ጥርስ ያለው ይሁን። ካፒታል ያላሟላ ፈቃዱን ያጣል፣ ክሌይም አምስት ወር ያቆየ ግን ምን ይሆናል? የእያንዳንዱ ኩባንያ ክሌይም በአማካይ በስንት ቀን እንደሚከፈል፣ ከመቶ ስንቱ እንደሚከለከል በየዓመቱ ይፋ ቢደረግ እኮ ሌላ ቅጣት ላያስፈልግ ይችላል፣ ሰው እያየ ይመርጣል። አሁን የምንመርጠው በፕሪሚየም ርካሽነትና በዘመድ ነው።

ኢንዱስትሪው ራሱ ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ከባንክ ቁጥጥር የተለየ፣ ለብቻው የቆመ ተቆጣጣሪ ነው። ኬንያ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ ባለስልጣን ካቋቋመች ከ15 ዓመት በላይ ሆኗታል። የኛ ብሔራዊ ባንክ ከ30 በላይ ባንክ፣ ማይክሮፋይናንሶች፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የዋጋ ንረት ይዞ ኢንሹራንስ እንዴት ብሎ ነው ትኩረት የሚያገኘው። አዲስ መስሪያ ቤት ብቻውን ተአምር አይሰራም፣ ቢያንስ ግን ጠዋት ተነስቶ ስለ ክሌይም የሚያስብ ኃላፊ ይኖራል።

የውጭ ኩባንያም ነገር አለ። በታኅሣሥ 2017 የባንክ ስራ ለውጭ ባለሀብት ሲከፈት ኢንሹራንሱ በዛው አዋጅ አልተከፈተም። በውጭ ያላችሁ ወገኖች ታስታውሱ ይሆናል፣ በፈረንጆቹ 2016 የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘው ነበር፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ እንደገና ተፈቀደላቸው፣ የኢንሹራንሱ በአዋጅ ቁጥር 1163። ዋሽንግተን ሆኖ አክሲዮን የገዛ ሰው በእንደዚህ አይነት መገለባበጥ እንዴት ይተማመናል። ኢንሹራንስ የሃያ ዓመት ቃል ኪዳን የሚሸጥ ስራ ነው፣ የሕይወት ኢንሹራንስ እዚህ አገር ያልተስፋፋው አንዱ ምክንያት የዋጋ ንረቱ ቢሆንም ሌላው ይሄ ይመስለኛል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ህጉ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። ፖሊሲው ውስጥ ክርክር ከተነሳ በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አለ፣ ለ200 እና ለ300 ሺህ ብር ክርክር ግልግል ዳኛ ሰይሞ መክፈል አያዋጣም። በንግድ ህጉ አንቀጽ 674 ደግሞ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይታገዳል። "ኮሚቴ ላይ ነው" እየተባለ የሚጠብቅ ሰው ይሄን ቀን ነው የሚያሳልፈው፣ ድርድር ላይ ነኝ ብሎ ተማምኖ እያለ መብቱ ያልፋል። እሱ አሁን ለኩባንያው ቅሬታ ክፍል በጽሑፍ አስገብቶ የተቀበሉበትን ማህተም ያለው ኮፒ ይዟል፣ የእድሳቱን ወረቀት፣ የትራፊኩን ሪፖርትና ፕሮፎርማዎቹን በአንድ ፋይል አድርጎ ኮፒውን ለኔ ሰጥቶኛል። በሰላሳ ቀን መልስ ካልመጣ ለብሔራዊ ባንክ እናስገባለን፣ ሁለት ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን ደግሞ የቤታችን ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አክብበነዋል።